ልጄ ያነባል ብዬ ያመንኩባቸው ሁለት ዓመታት

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ አንድ ምሽት አጠገቤ ተቀምጦ የተረት መጽሐፉን ያነብልኝ ነበር። መንገድ ስለጠፋባት ጥንቸል የሚተርክ፣ በየገጹ ትልልቅ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የሚያቆምበትን ቦታ ያውቃል፤ የጥንቸሏን ንግግር በቀጭኑ፣ የጅቡን በወፍራሙ ያወጣል። ገጽ ሲገልጥ ሁለት ቅጠሎች ተጣብቀው አብረው ተገለጡ። እሱ ግን አልተደናቀፈም። ዓይኑ ጥንቸሏ ጉድጓዷ ውስጥ ከተኛችበት ሥዕል ላይ ነው፤ አፉ ግን ወንዙን እንዴት እንደተሻገረች ይናገራል። የተዘለለውን ገጽ አንድ ቃል ሳያጎድል ጨረሰው።

መጽሐፉን ቀስ ብዬ ዘጋሁትና በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ደመና» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ በዚያው ተረት ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። ቃሉን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ከዚያ «ደብተር?» አለ። «መ»ን በእርሳስ ስጠቁመው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር። «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያለ በሹክሹክታ ከላይ ወደ ታች ቆጥሮ ደረሰበት። ለ«ና» ደግሞ «ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና» ብሎ ወደ ጎን ሄደ። ሦስቱንም እንዲህ ለቅሞ ካገኛቸው በኋላ «አሁን አንድ ላይ በላቸው» አልኩት። የመጀመሪያዋን ፊደል ረስቷታል።

ለሁለት ዓመት ያነበበልኝ ሁሉ በቃሉ የያዘው ነበር። እኔ አንድ ጊዜ አነብለታለሁ፣ እሱ ያዳምጣል፣ በማግስቱ ያወርደዋል። ተረት በትርጉሙ ስለሚያያዝ ልቡ ውስጥ ይቀራል፤ ትርጉም የሌላቸው ሦስት ነጠላ ድምፆች ግን እጁ ላይ ይበተኑበታል። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ እንዳይታወቅበት ይህን ሁሉ ሲሸከም መክረሙን ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ሰነፍ ልጅ ይህን አያደርግም። ልጄ ዲስሌክሲያ የሚባል የንባብ እክል አለበት። እኔ ያባከንኩትን ጊዜ ሌላ ወላጅ እንዳያባክን ነው ይህን የምጽፈው፤ በተለይ «ቆይ እስኪ፣ ሲያድግ ይስተካከላል» የሚል ምክር የደረሳችሁ እናቶችና አባቶች ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ምልክቱ አልነበረም ማለት አልችልም። ልጄ የፊደል ገበታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜማ ይወጣዋል፤ እኔም ይህን ሰምቼ «ፊደል ቆጥሯል» አልኩ። ዜማ ግን በጆሮ ይያዛል። 33ቱ ፊደላት በሰባቱ ቤቶች ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ አንባቢ የሚባለው እያንዳንዷን ፊደል ከረድፏ ወጥታ ለብቻዋ ስትቆም የሚያውቃት ነው። «ሀ ሁ» ካለቀ በኋላ «አቡጊዳ» የሚከተለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ቤቶቹ ሲዘበራረቁ ምላስ ከዓይን ቀድሞ መሮጥ አይችልም። እኔ ግን ገበታውን ከመሃል ጀምሬ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

አንደኛ ክፍል መጨረሻ ላይ መምህሩን ሳነጋግር «ወንዶች ልጆች ትንሽ ይዘገያሉ፤ ሲበስል ራሱ ይመጣል፣ አይጨነቁ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሊያጽናኑኝ ፈልገው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም መጽናናት ስለፈለግኩ ተቀበልኩ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ፤ በየምሽቱ አንድ ገጽ አሥር ጊዜ እየገለበጠ እንዲጽፍ አደርገው ነበር። ፊደሎቹን እንደ ሥዕል እያየ ይስላቸዋል፤ አንድም ቃል ሳያነብ ደብተሩ ይሞላል። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ስጦታ ቃል ገባሁ፣ ስጦታ ከለከልኩ። ሰኞ ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ቅዳሜ አያመውም። ክፍል ውስጥ ተራ በተራ ጮክ ብለው ሲያነቡ ከፊቱ ያሉትን ልጆች ቆጥሮ የእሱ ድርሻ የትኛው አንቀጽ እንደሚሆን ያሰላ እንደነበር፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው ያንን አንቀጽ በጆሮው ያነብለት እንደነበር የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው። አንድ ልጅ ከቀረና ቆጠራው ከተዛባ እርሳሱን ጥሎ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል።

መጀመሪያ የወሰድኩት ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው፣ ቀጥሎም ጆሮ። ሁለቱም ደህና ናቸው ተባልኩ። ይህ ቅድመ ምርመራ መቅረት የለበትም፤ በደንብ የማያይ ወይም የማይሰማ ልጅ በስህተት የንባብ እክል አለበት ሊባል ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው በንባብ ችግር ላይ የሠለጠኑ ባለሙያ ያገኘሁት።

ምርመራው ሁለት ጠዋት ፈጀ። ባለሙያዋ መጽሐፍ ይሰጡታል ብዬ ስጠብቅ፣ ለረጅም ጊዜ ምንም ወረቀት አላወጡም። «‹ሰላም› በል» አሉት። አለ። «አሁን ‹ሰ›ን ተዋትና ቀሪውን ንገረኝ።» ልጄ አሰበ፣ ጣሪያውን አየ፣ «ሰላ» አለ። እንደገና ሞከሩት። «መላም» አለ። «ላም» የሚለው ቃል እዚያው ውስጥ እንዳለ አይሰማውም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ ችግሩ ዓይኑ ላይ እንዳልሆነ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ወረቀት ሳይኖር፣ ፊደል ሳይኖር፣ በጆሮው ብቻ የሰማውን ቃል ቆርሶ ማየት አቅቶታል። ቃልን መቁረስ ያልቻለ ልጅ ደግሞ የትኛዋ ፊደል የትኛዋን ቁራሽ እንደምትወክል ከየት ያምጣው?

ቀጥለው ኮከብ፣ ቤት፣ እጅ፣ ወንበርና ዛፍ እየተደጋገሙ የተደረደሩበትን ገጽ ሰጡትና በተቻለው ፍጥነት ስማቸውን እንዲጠራ ጠየቁት። ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ ግን በየመካከሉ ይቆማል፣ ቃሉ ከአፉ አይመጣም። የሚያዩትን ነገር ስም ቶሎ መጥራት አለመቻል ቀስ ብሎ ከማንበብ ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ «ጉሜላ»፣ «ቀፎሚ» የሚሉ ትርጉም የሌላቸው ቃላት በካርድ ላይ አሳዩት። ለምን የሌለ ቃል እንደሚጠይቁት ግራ ገብቶኝ ነበር። ያለ ቃል እንደ ሥዕል በመልኩ ሊያዝ ይችላል፤ የሌለን ቃል ግን ፊደል በፊደል ከመፍታት ሌላ መንገድ የለም። ልጄ አንዱንም አልፈታም።

በመጨረሻ ባለሙያዋ ከአራተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ውኃ እንዴት ወደ እንፋሎት እንደሚለወጥ የሚያስረዳ ረጅም ጽሑፍ አነበቡለት። የጠየቁትን ሁሉ መለሰ። ከዚያም «እንፋሎቱ ወደ ላይ የሚሄደው ስለሚቀል ከሆነ ዝናብ ሆኖ የሚወርደው መቼ ከብዶ ነው?» ብሎ ራሱ ጠየቃቸው። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው «ልጅዎ ነገር የመረዳት ችግር የለበትም፤ የተቸገረው ጽሑፉን ወደ ቃል መፍታት ላይ ነው» አሉኝ። ፊሊፕ ጎፍ እና ዊልያም ታንመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ይህን በቀላል ስሌት አስቀምጠውታል፦ አንብቦ መረዳት ማለት ጽሑፍን የመፍታት ችሎታ፣ ሲነበብ ሰምቶ በመረዳት ችሎታ ተባዝቶ ነው። ብዜት ስለሆነ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ምንም ያህል ቢበዛ ውጤቱ ዜሮ ነው። የልጄ ሰምቶ የመረዳት ቁጥር ትልቅ ነበር። እኔ ለሁለት ዓመት ያየሁት ውጤቱን ብቻ ነው።

ይህ ነገር አዲስ በሽታ አይደለም። ዲስሌክሲያ የሚለውን ስም ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ሲሆን፣ በ1887 በጉዳዩ ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1896 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ፤ ልጁ ብልህ ነው፣ ቁጥር ላይ አይታማም፣ ግን ማንበብ አይችልም። አስተማሪው ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች የሚበልጠው አይኖርም ነበር ማለቱን ሞርጋን መዝግቧል። ይህን ስሰማ የገዛ ልጄን ታሪክ ከመቶ ዓመት በፊት የጻፈልኝ ሰው እንዳለ ተሰማኝ። በዘመኑ እንደ ዓይን ችግር ታስቦ «የቃል ዕውርነት» ይባል ነበር። ዛሬ ምንጩ በዋነኛነት የንግግርን ድምፆች በመለየትና በማስተናገድ ላይ ያለ፣ ከአእምሮ አፈጣጠር የሚመጣ እክል መሆኑ ታውቋል። የማሰብ ችሎታው ከፍ ያለም ዝቅ ያለም ልጅ ላይ ይደርሳል፤ ከመቶ ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት እንዳለባቸው በብዙ ጥናቶች ይገለጻል። በአንድ ክፍል ውስጥ 40 ልጆች ካሉ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ናቸው ማለት ነው።

ባለሙያዋ «በቤተሰባችሁ ውስጥ በማንበብ የተቸገረ ሰው አለ?» ብለው ሲጠይቁ «የለም» ብዬ ፈጥኜ የመለስኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ዝም አለ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ያ ጥያቄ የእኔ ነበር» አለኝ። ባለቤቴ መካኒክ ነው፤ ሞተር ሲነሳ ሰምቶ ብልሽቱን የሚለይ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ውል ሲመጣ፣ ደብዳቤ ሲመጣ «ዓይኔን ደክሞኛል፣ አንቺ አንብቢልኝ» ይለኛል፤ እኔም አነባለሁ። አንድም ቀን አልጠረጠርኩም። ትምህርቱን ያቋረጠው ለሥራ ቸኩሎ ነው ብሎ ለእናቱ ሳይቀር የነገራቸው ምክንያት እውነት እንዳልነበረ ያን ማታ ነገረኝ። የንባብ እክል በዘር በብርቱ ይተላለፋል። አባት ወይም እናት ካለባቸው ልጃቸው ላይ የመከሰቱ ዕድል ከሌሎች ልጆች እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ባለሙያ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት በቤታችሁ ውስጥ ይህን ጥያቄ ያለ ወቀሳ ተጠያየቁ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ይህን ደብቀው ነው የኖሩት።

ለልጃችን ስሙን ልንነግረው ይገባል ወይስ አይገባም ብለን ተከራከርን። እኔ ስም ከተሰጠው ይሸማቀቃል ብዬ ፈራሁ። ባለቤቴ «ስም አለው እኮ፤ ‹ደደብ› የሚል ስም ለራሱ ካወጣ ቆይቷል» አለኝ። በማግስቱ ነገርነው። ማንበብ የሚከብደው አእምሮው የቃላትን ድምፅ ለየት ባለ መንገድ ስለሚይዝ እንደሆነ፣ ዲስሌክሲያ እንደሚባል፣ በተለየ መንገድ ሲማሩት እንደሚሻሻል አስረዳነው። ዝም ብሎ ሰማንና «ሌላ ሰው አለው?» ብሎ ጠየቀ። አባቱ «እኔ አለኝ» አለው። ልጄ ለረጅም ጊዜ ሲመለከተው ቆየና ከወንበሩ ተነስቶ ሄዶ ጭኑ ላይ ተቀመጠ። ጭን ላይ መቀመጥ ካቆመ ዓመት አልፎት ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ብዙ ወላጅ የሚፈልገው ይህን ስለሆነ። ከሁሉ በፊት የተማርኩት፣ ማንበብ ያቃተው ልጅ ያንኑ ትምህርት በብዛት ቢሰጡት እንደማይጠቅመው ነው። የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ትምህርት ነው፤ ምንም ነገር ራሱ ይደርስበታል ተብሎ የማይተውበት፣ ከቀላል ወደ ከባድ በደረጃ የተዘረጋ፣ ያለፈው በየቀኑ የሚከለስበት። አሜሪካዊው ሐኪም ሳሙኤል ኦርተን እና መምህርቷ አና ጊሊንግሃም ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያስፋፉት፣ ዓይንን፣ ጆሮንና እጅን አንድ ላይ የሚያሠራው ዘዴ የዚህ መሠረት ነው። በ2000 በአሜሪካ ብዙ ጥናቶችን የመረመረ ብሔራዊ የባለሙያዎች ቡድንም አምስት ነገሮችን አስምሮባቸዋል፤ የቃልን ድምፆች መለየት፣ ድምፅንና ፊደልን ማዛመድ፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት ዕውቀትና አንብቦ መረዳት ናቸው። የእኛ ልጅ የወደቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ነበር።

ባለሙያዋ በሳምንት ሁለት ቀን ያስተምሩታል፤ በቀሩት ቀናት እኔ ቤት ውስጥ 30 ደቂቃ። የጀመርነው በሸሚዝ ቁልፎች ነው። ወረቀት ላይ ሦስት ሳጥኖች እሥላለሁ፤ «ደመና» ስለው «ደ» ብሎ አንድ ቁልፍ፣ «መ» ብሎ አንድ፣ «ና» ብሎ አንድ ወደ ሳጥኖቹ ይገፋል። ፊደል የለም፣ ድምፅና ቁልፍ ብቻ። ዘዴው ኤልኮኒን ከተባለ የሩሲያ የሥነ ልቦና ምሁር የመጣ ነው። ከዚያ «የመጀመሪያውን ቁልፍ አንሳ፤ ምን ቀረ?» እለዋለሁ። «መና።» ይህን በሦስተኛው ሳምንት ሲመልስልኝ ቁልፉን በሁለት ጣቱ ይዞ እያየው፣ ድምፁ ውስጡ ያለ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ ወደ ፊደሉ ውስጥ ገባን። ልጄ «ቡ»ን፣ «ቢ»ን እና «ባ»ን የሚያያቸው እንደ ሦስት ባዕድ ሥዕሎች ነበር። ሦስቱም ሲጀምሩ ከንፈር እንደሚገጥም በመስታወት ፊት አሳየሁት። የሚለያዩት ከኋላ በሚከተለው አናባቢ ነው፤ ለዚያም ፊደሉ ላይ ምልክት አለው። ካዕብ ላይ ከቀኝ ወገብ የሚወጣ ጭረት፣ ሣልስ ላይ ከእግር ሥር፣ ኃምስ ላይ ከእግሩ የተንጠለጠለች ቀለበት። በገበታው ቅደም ተከተል አልሄድንም። መጀመሪያ ሥርዓታቸውን የሚጠብቁትን እንደ «በ»፣ «ሰ»፣ «ለ» ያሉትን ያዝን፤ እንደ «ረ» እና «ፈ» ያሉ አፈንጋጮች በኋላ መጡ። «ተ»ና «ቸ»ን፣ «ነ»ና «ኘ»ን የመሰሉ መልካቸውም ድምፃቸውም የሚቀራረብ ፊደሎች በአንድ ሳምንት አይሰጡትም ነበር። አንዱ እስኪጸና ሌላው ይጠብቃል። ከሁሉ የከበደን ሳድስ ነው። «ብርድ» ሲባል «ብ» ላይ አናባቢ አለ፣ «ድ» ላይ ግን የለም፤ ይህን የሚነግር ምልክት ጽሑፉ ላይ የለም። ጥብቀትም እንዲሁ። «ዋና» ጠብቆ ሲነበብ ሌላ፣ ላልቶ ሲነበብ መዋኘት ነው። እንዲህ ያሉትን ከዓረፍተ ነገር ውጭ አንጠይቀውም፤ ሁለቱንም አነባበብ ሞክሮ የሚስማማውን እንዲመርጥ ነው ያስተማርነው።

አንድ ነገር በጥብቅ እመክራለሁ። ልጁ ቃል ላይ ሲቆም «ሥዕሉን እይና ገምት» አትበሉት። እኔ ዓመታት ያልኩት ይህንን ነው፤ በዚህም ልጄን ከፊደሉ ዓይኑን ማንሳት አስተማርኩት። አሁን ሲቆም በጣቴ ከመጀመሪያዋ ፊደል በቀር ሌሎቹን ሸፍኜ አንድ በአንድ እገልጥለታለሁ። ሦስት ሰከንድ ጠብቄ ካልመጣለት እኔ ድምፁን እሰጠውና ቃሉን እንደገና ከመጀመሪያው ያነባል። አልቆጣም፣ «ይህን ትናንት አንብበኸው ነበር እኮ» አልልም። ይህች ዓረፍተ ነገር ከምርቃት ይልቅ ወደ እርግማን እንደምትቀርብ የገባኝ ፊቱን እያየሁ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምንም ለውጥ አላየሁም። ልተወው ያሰብኩባቸው ቀናት ነበሩ። በሦስተኛው ወር አንድ መሥሪያ ቤት ይዤው ሄድኩ። መስታወት በሩ ጋ ስንደርስ ቆመ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ በሩን ገፋው። በሩ ላይ «ግፉ» የሚል ተለጥፎ ነበር። ልጄ ዕድሜውን ሁሉ በር ሲያይ መጀመሪያ የሚስብ ልጅ ነው። ምንም አላልኩም፤ እሱም ምንም አላለም፤ ሲወጣ ግን «ሳቡ» የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበው።

ፊደል መፍታቱ ሲጸና ሌላ ችግር ታየ፤ ያነባል፣ ግን በጣም ቀስ እያለ። ፊደሉና ድምፁ በሚጣጣሙባቸው ቋንቋዎች የንባብ እክል ጎልቶ የሚታየው ከስህተት ይልቅ በዝግታ መሆኑን ተመራማሪዎች ከጀርመንኛ ተናጋሪ ልጆች ጭምር አረጋግጠዋል። «ስህተት የለበትም፣ ስለዚህ ድኗል» ብሎ መተው ትልቅ ጥፋት ነው። ለዝግታው የተጠቀምነው ደጋግሞ ማንበብን ነው። ወደ 50 ቃላት ያሉትን አጭር ጽሑፍ መጀመሪያ እኔ አነብለታለሁ፣ ከዚያ እሱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያነባል፤ ሰዓት እይዛለሁ፤ በደቂቃ ያነበባቸውን ቃላት በካሬ ወረቀት ላይ ራሱ ቀለም ይቀባል። ስንጀምር በደቂቃ 12 ቃላት ያነብ ነበር። ከዓመት ተኩል በኋላ 45 ደረሰ። የሚወዳደረው ከራሱ የትናንት ካሬ ጋር ብቻ ነው፤ እህቱ አጠገብ ሰዓት አልይዝም።

ከመንገዴ የወጣሁበትንም ልናገር። ቀለም ያለው ላስቲክ ገጹ ላይ ከተደረገ ፊደሎቹ «ይረጋጋሉ» ብለውኝ ሰማያዊና ቢጫ ገዛሁ። ለሦስት ቀን ደስ አለው፤ ንባቡ ግን እንደነበረ ነው። በአንድ እግር መቆምና ኳስ መወርወር ንባብን ያክማል ያሉኝም ነበሩ፤ እሱንም ሞከርኩ። በ2009 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከዓይን ሐኪሞች ማኅበራት ጋር ባወጣው የጋራ መግለጫ፣ የዓይን ስፖርትም ሆነ ባለ ቀለም መነጽር የንባብ እክልን እንደሚያክም የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ በግልጽ አስቀምጧል። የንባብ እክልን የሚያድን ኪኒን የለም። ልጁ ትኩረት የመሰብሰብ እክል ደርቦ ካለበት፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚሄዱ፣ ለትኩረቱ ሐኪም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ፊደል አያስተምርም። በአንጻሩ ትክክለኛ ትምህርት ያገኙ ልጆች ሲያነቡ የአእምሮአቸው የግራ ክፍል አሠራር ጭምር እንደሚለወጥ በምስል ምርመራ ታይቷል። ለተስፋ የምታወጡት ገንዘብ ካለ ወደ ትምህርቱ ይሂድ።

ትምህርት ቤቱን ማሳመን ቀላል አልነበረም። የባለሙያዋን ሪፖርት ይዤ ሄጄ አራት ነገር ጠየቅሁ፦ ሳይዘጋጅ ጮክ ብሎ እንዲያነብ እንዳይጠራ፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው፣ በሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርት የፊደል ስህተቱ ነጥብ እንዳይቀንስበት፣ የማያነበውን ጥያቄ እንዲያነቡለት። አንዲት መምህርት «ለእሱ ብቻ እንዲህ ማድረግ ሌሎቹን መበደል አይሆንም?» አሉኝ። ሒሳብ የሚፈተን ልጅ የሚመዘነው በሒሳብ ዕውቀቱ መሆን እንዳለበት፣ ጥያቄውን ማንበብ ስላቃተው ሒሳብ አያውቅም ማለት ፍርድ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ወዲያው አልተስማሙም። ከወር በኋላ ግን ጥያቄውን አንብበውለት በቃሉ ሲመልስ ሰሙና ራሳቸው ደወሉልኝ።

እኔም የትምህርት መጽሐፎቹን በየማታው አነብለት ነበር። አንዳንዱ ዘመድ «አንቺ እያነበብሽለት እንዴት ይለምዳል?» ይለኛል። ኪት ስታኖቪች የተባለው ተመራማሪ በ1986 እንዳሳየው ጥሩ አንባቢ ብዙ ስለሚያነብ ቃላቱ ይበዛሉ፣ ቃላቱ ሲበዙ ማንበቡ ይቀልለታል፤ የተቸገረው ደግሞ ስለማያነብ ከቃላትም ከዕውቀትም ይጎድላል፣ ልዩነቱ በየዓመቱ ይሰፋል። የንባብ ልምምዱ ለብቻው በ30 ደቂቃው ውስጥ አለ። ቀሪው ጊዜ አእምሮው እንዳይራብ የማበላው ነው።

ሴት ልጃችን ከወንድሟ አራት ዓመት ታንሳለች። አምስት ዓመት ሲሞላት ጨዋታ አስመስዬ የቁልፎቹን ሥራ ጀመርኩላት። ዕድሏ ከወንድሟ ጋር እንደሚመሳሰል አውቅ ነበርና አልጠበቅሁም። አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው፤ በተመሳሳይ ድምፅ የሚያልቁ ቃላትን አትለይም፤ የራሷን ስም ፊደላት ዛሬ አሳይቻት ነገ ትረሳቸዋለች፤ የምታውቀውን ዕቃ «ያ... ያ ነገር» ትላለች። ትንሽ ልጅ ያላችሁ እነዚህን ልብ በሉ፤ በተለይ በቤተሰብ ውስጥ ታሪኩ ካለ። አንድ ምልክት ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሲደራረብ ግን የመጀመሪያ ክፍል ውጤት አትጠብቁ። ሐኪሞች የእክሉን ስም ለመስጠት ቢያንስ 6 ወር የቆየ ችግር ይፈልጋሉ፤ የድምፅ ጨዋታ ለመጀመር ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፣ እክሉ የሌለበትንም ልጅ አይጎዳም። እሷ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ መካከለኛ አንባቢ ናት። ወንድሟ በእሷ ዕድሜ ገጽ እየዘለለ በቃሉ ያወርድልኝ ነበር።

ልጄ አሁን ስድስተኛ ክፍል ነው። ቀስ ብሎ ያነባል። «ሰ»ና «ሠ»፣ «ሀ»፣ «ሐ»ና «ኀ» ዛሬም ያምታቱታል፤ ያ ለብዙዎቻችንም የሚቀር አይመስለኝም። ማታ ማታ ከአባቱ ጋር አንድ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይቀባበላሉ፤ ሁለቱም ይቆማሉ፣ አንዱ የቆመበትን ሌላው በጣቱ ሸፍኖ ይገልጥለታል። ባለፈው ወር በሳይንስ ፈተና የተሰጠው ተጨማሪ ጊዜ አልቆበት አንድ ጥያቄ ቀረው። እጁን አወጣና ለመምህርቱ «መልሱን አውቀዋለሁ፤ ያልጨረስኩት ማንበቡን ነው» አላቸው። ጥያቄውን አነበቡለት፤ ቆሞ መለሰ።